ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረ

እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ በእጄ ነው።
የተገኘ፣ የቀረ፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፌ አበቃሁት፤
«ከአዌቱ ወንዝ ዳር ያለው ክፍት ቦታ
መናፈሻ እንዲሆን ተስማማን» አልኩና ዘጋሁት።
የቀረውን ግን
ማኅተም በማያርፍበት ወረቀት ላይ ላውጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሌሊቱ ዝናብ
ከቆርቆሮው ጠርዝ ገና ይንጠባጠባል፤
አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስላነሰ
ሰው ከነበርጩማው ይሰበሰባል።
መሐንዲሱ ልጅ ነው። ካርታ ለጠፈና
በእስክሪብቶው ጫፍ ያሳየን ጀመረ፦
ይህ ፏፏቴ፣ ይህ የእግር መንገድ፣ ይህ ሣር።
አንገት አሰገግን፤
አረንጓዴም አየን፣ ሰማያዊም አየን፣
ሰፈራችን ብቻ ካርታው ላይ አልነበረ።

እትዬ ጠይባ ተነሡ፦
«ልጄ፣ የኔ መንገድ የታለ?
ሠላሳ ዓመት በሰያፍ ያቋረጥኩት፣
ወደ ወፍጮ ቤት የሚያወጣው፣ ሣር አልበቅል ያለው?»
ልጁ ፈለገ፣ ፈለገ።
መንገዳቸው ላይ ፏፏቴው ተቀምጧል።
«በቃ» አሉ እትዬ ጠይባ፣
«ከእንግዲህ ዋና መማሬ ነዋ!»

ነዚፍ፣ ባጃጅ ነጂው፣ «መብራት» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረ።
ዓይነ ስውሩ አባ ዲኮ ግን ረጅም ተናገሩ፦
«የሚታየውን ዛፍ ለራሳችሁ ትከሉ፤
ለኔ የሚሰማ ስጡኝ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያወራ፣
ቤትህ ደረስክ የሚለኝ።»
ወዳጆ፣ ጫማ ሰፊው፣ ከኋላ እጁን አወጣ፤
ተናገር ሲሉት ግን ቃል ከአፉ ሳይወጣ
ተቀመጠ።
(ይህን ጽፌው ነበር፤ ሰርዝ ተባልኩ።)

ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንዲት ጠብታ ወርዳ
ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴው ጎተተችው።
ሀያት፣ የስድስተኛ ክፍሏ፣ ከመስኮቱ ሥር
«ለምን እዚያው ሄደን አንቆምም?» ብትል
ሁሉም በርጩማውን አነሣ።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።
«አንተ ዛፍ ሁን።» «አንቺ በር።» «እናንተ ወዲህ፣ አጥር።»
አባ ዲኮ ዛፍ ሆኑ፤ ከዘራቸውን ዘረጉ፤
ሕፃናት ወዲያው ከሥራቸው ጥላ ፈለጉ።
ሁለት ጎረምሶች ግብ ሆኑ፤
ኳሷ ሳትጠየቅ በመሃላቸው አለፈች፤
ሸምሲያ ከነልጇ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ
«አግዳሚ ወንበሩ እኔ ነኝ» አለች።
ልጁ ሜትሩን ዘርግቶ ከዛፉ እስከ ወንበሩ ሲለካ
«ቶሎ በል፣ ዛፉ ደከመው» አሉ አባ ዲኮ።
እትዬ ጠይባ ብቻ ምንም አልሆኑም፤
በሁላችን መሃል በሰያፍ ተራመዱ፣
ማንም አላገዳቸውም።

«ሽንት ቤትስ?» አለ መሐንዲሱ።
ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።
«ከኔ አጥር ሥር አይሆንም!»
«ከኔም!»
ያኔ ወዳጆ፣ ያ ቃል ያጠረው፣
ጫማ ከሚሰፋበት ሸራ ጀርባ ሄዶ ቆመ።
«እኔ ልሁን» አለ። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ነኝ፤
ሰው የት እንደሚቸገር የማውቀው እኔ ነኝ።»
ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀ።
ልጁ እግሩ ሥር ድንጋይ አኖረ፤
ካርታውን አጥፎ ደብተሩ ላይ እንደ አዲስ ጀመረ።

ይህ በሰኔ ነበር። አሁን ጥቅምት ነው።
በጀቱ «በሂደት ላይ» ነው።
ከድንጋዮቹ ሦስቱ ጠፍተዋል፤
ችግኙን ፍየል በላው፤ ተተካ፤ ደግሞ በላው።
እኛ ግን ባልተሠራው በር ዞረን እንገባለን፤
ነዚፍም ባጃጁን ሲያጥፍ
አባ ዲኮ ከቆሙበት ራቅ ይላል፣
የሌለ ቅርንጫፍ እንዳይሰብር።

እኔስ? ስጽፍ ቆይቼ ምንም ሳልሆን ቀረሁ።
ትናንት ማታ መዝገቡን ደረቴ ላይ ይዤ
ወንዙ ጋ፣ ከጥጉ፣ ለብቻዬ ቆምኩ፤
መብራቱን ማንም እንዳልሆነ ትዝ ብሎኝ
ስልኬን አበራሁና እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።
እትዬ ጠይባ ዱቄታቸውን አዝለው
በሰያፍ መጡ፤ አዩኝ፤ አልጠየቁኝም።
«በርታ» አሉኝ፣
ሳይቆሙ።