ቸርኬው እንዳይጫር

ዝናቡ ገና አባርቷል፤ የእንጅባራ ጓሮ ቦክቷል፤
ቮልሳችን አንድ እግሩን ሰጥቶ በድንጋይ ላይ ተደግፏል።
ክሪኩ ሰምጦ እንዳይቀር ሳንቃ ከስሩ አነጠፍን፣
ፊተኞቹን ጎማዎች በግንድ ፍላጭ ደገፍን።
አባቴ በርጩማው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣
ሁለት እጁን ደብቋል እጅጌው ውስጥ ሰብስቦ።
ካምና ወዲህ ጣቶቹ ነፋስ እንዳየ ሣር ይርዳሉ፤
ብሎን አይጨብጡለትም። ቃላቱ ግን ይሠራሉ።

«ቫልቩን ንቀይው መጀመሪያ፣ ትንፋሹ ሁሉ ይውጣ፤
ትንፋሽ የቀረው ጎማ ለትግል ነው የሚመጣ።»
ስድስት ክረምት አብረው ጎማና ቸርኬው ተጣብቀው፣
መዶሻ ባነሣ ጊዜ፣ «ተይ!» አለኝ ጮኾ፣ «ተይው፤
ብረት በብረት ሲመታ አንዱ ነው የሚከፍለው።
ክሪኩን ከመኪናው ሆድ ስር፣ ከጎማው ጠርዝ ላይ አቁሚ፤
የቮልሱ ክብደት ይግፋው፤ አንቺ ለምን ትደክሚ?»
ክሪኩ እየተራዘመ መኪናው ትንሽ ቃተተ፣
ጎማው አንዴ እህ ብሎ ከጠርዙ ተከፈተ።

እናቴ ለነጠላዋ ያኖረችውን እንዶድ
ወቅጠን አረፋ አወጣን፣ የጎማው ከንፈር እንዲወርድ።
ከዚያ ሁለቱ ሌቫዎች። (ልጅ ሳለሁ «ሌባ» ነበር
የምሰማው፤ ሌሊት ሌሊት ጎማ የሚሰርቅ ከመንደር።)
የጓሯችንን ቀርቀሃ ሰንጥቄ፣ ፍቄ፣ አለስልሼ፣
በብረቱና በቸርኬው መሐል አስገባሁ ጎንብሼ።
«ይኸ ትራሱ ነው» አለኝ፤ «ብረት ሲያጋድም ራሱን፣
ትራስ ከሌለ ይጭራል የተኛበትን መደቡን።»

ገፋሁ፤ እምቢ አለኝ። ገፋሁ፤ ላቤ ባፍንጫዬ ወርዶ፣
ሌቫው ሊያመልጠኝ ሲል፣ ጉልበቴ አጉል ተናዶ፣

«ቀስ» አለኝ። «ፈጠነች፣ ቀስ።
ከፊትሽ ያለውን ተይው፤
ማዶ ተሻግረሽ ተንበርከኪ፣ ያንን ጠርዝ በጉልበትሽ ጫኚው።
ቸርኬ መሐሉ ሆድ አለው፣ ጠልቆ የተሠራ ጎድጓዳ፤
ወዲያ ማዶ ቦታ ካልሰጠሽ፣ ወዲህ ማዶ ነው የሚጎዳ።»

ተንበረከክሁ፤ ስለት እንዳለበት ሰው ነበር።
ጎማው ከጉልበቴ ስር እጥፍ ብሎ ሲቀበር፣
ከዚህ በኩል ጣት አስገባ። በሌቫው አንድ ጋት ሳብሁ፣
ደግሞ አንድ ጋት፤ አንድ ጋት፤ ስግብግብነቴን ተውሁ።
«ሁለት ጋት የሚጎመጅ ነው ቸርኬ የሚያጎብጠው»
ይላል፤ ዓይኑ ካለበት ሆኖ እጄን እየተከተለው።

ወጣ።

ቸርኬው ራቁቱን ቀረ፣ በደመና ብርሃን ተንጋሎ።
አባቴ በርጩማውን ትቶ መጣ፣ ዱላውን ጥሎ፣
ያን የሚርድ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ አዞረው፣
ሰዓት እንደሚሞላ ሰው። አንድ ቦታ ላይ አቆመው።
ጭረት ናት፤ ገብስ የምታህል፣ ዝገት ዙሪያ የከበባት።
«እኔ ነኝ?» አልሁ ደንግጬ። «አይ» አለ፤ «እኩያሽ ናት።

«ክረምት ነው። ዳንግላ ላደርሳት፣ ምጡ እናትሽን ይዟታል፤
አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ጎማው ጧ ብሎ ፈንድቷል።
ትርፍ የለኝ፤ ፋኖስ የለኝ፤ በጨለማ፣ በዳበሳ፣
በዶማ ፈለቀቅሁት፤ ያ ነው ያመጣው ጠባሳ።
ብሎኑን አጥብቄ ስነሣ፣ ከኋላ ወንበር ጮኽሽ፤
ዳንግላን ማን ጠበቃት? አንቺ ራስሽ ቀደምሽ።»

ስሜን ሠላሳ አራት ዓመት ስጠራበት ኖሬ፣
ከየት እንደመጣ የሰማሁ ጭቃ ላይ ነው፣ ዛሬ።

አዲሱን ጎማ አለበስን፤ በዚያው እንዶድ፣ በዚያው ቀርቀሃ።
ፓምፑን ረገጥሁ፤ ጧ አለ፣ ጧ፣ ቦታውን ሲይዝ። ጣሳ ውሃ
ዙሪያውን አፈሰስሁ፤ ካንዲት ስፍራ ብቻ
አረፋ ብቅ ትላለች፣
ትጠፋለች፣
ደግሞ ብቅ ትላለች።

ለካ በየቅዳሜው ይህን ጎማ ሲነፋ የኖረው!
«ባሸዋ ወረቀት ልፋቃት? ወይስ ቸርኬውን እንቀይረው?»
«ተያት» አለ፣ እጁን ወደ እጅጌው እየመለሰ፤
«የምትተነፍስ ነገር ናት። ማንን ጎዳች? ምን ፈረሰ?
ይልቅ ፓምፑን ከዝናብ አስጠልለሽ አኑሪልኝ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ
አሁን የምነፋው እኔ ነኝ።