ስሙኒ

ሳልሚያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በአቧራ፤
ጦዝ ይሉታል እዚህ፣ ቀን ሙሉ ሲያጓራ።
ሰማዩ ቡላ ነው፣ ባሕሩም ጠፍቷል፤
ክሊኒኩ ግን ዛሬም በሰው ተሞልቷል።

ዶክተር ሪሃም ቆዳን በብርሃን ስትጠርብ
እኔ ነኝ ከጎኗ ጢሱን በቱቦ የምስብ።
«ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ያው የምናስወጣው፣ የሁላችን ነፋስ፣
ለስላሳ ውስጥ ገብቶ የሚያስነጥስ።
ኤሌክትሪክ ሲያስቆጣው፣ በመስታወት መሃል ተመላልሶ
ዓይን የማያየው ክር ሆኖ ይወጣል፣
የቆዳን ውሃ በቅጽበት ያፈላል።»
ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በጭንብሌ ውስጥ ሆኖ፣
የራሴ እስትንፋስ ይሰማኛል ገኖ።

ይመጣሉ ሁሉም፦ የብጉር ጠባሳ፣
ኪንታሮት፣ ሽብሽባት፣ የስፌት አበሳ፣
እርጅናን በካርድ ከፍሎ የሚያስነሣ።
ጦይባ ግን በነፃ ናት። ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት፣
ዶክተሯ ምሳዋን ትታ ነው የምታያት።
ከከሚሴ ናት። ከጆሮዋ እስከ ክርኗ
ሻማ የቀለጠበት ይመስላል ጎኗ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ቃጠሎው በምን ነው?
«ዘይት ፈሰሰብኝ» አለች። እኔም ያንኑ ነው
በዓረብኛ ያልኩት።
ፈሰሰ። በቃ። ባለቤት የሌለው ግስ፤
ድስቱ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ሲገለበጥ፣ ራሱ ሲያፈስ።

ማደንዘዣው ቅባት እስኪሠራ አርባ አምስት ደቂቃ
ጣሪያውን ታያለች፣ ተኝታ ግን ነቅታ።
ከዚያ ዓይኗን እሸፍናለሁ።
ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ ይላል፣ ጤፍ ምጣድ ላይ የወደቀ ያህል፤
ነጥቦቹ ይሰለፋሉ፣ እንደ ወንፊት ዓይን፣ እኩል በእኩል።
ሽታው የተለበለበ ጠጉር ነው። ቱቦዬን አስጠጋለሁ፣
ጢሱን ስቤ ወደ ማጣሪያው እሸኘዋለሁ፤
ትንሽ ያመልጠኛል፣ ማታ ሻሼ ላይ አገኘዋለሁ።

በሦስተኛው ረቡዕ አንገቷ ዞረላት፤
ያ የጎተታት ገመድ ላላላት።
መስታወት ሰጠናት። ዝም ብላ አየችው፣
በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፣
ከዚያ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለመስታወቱ፦
«ደፋችው።»

ደፋችው።
በመሃሏ አንዲት «ች»። በዚያች «ች» ውስጥ ግን
ወጥ ቤት አለ፣ ከውጭ የተቆለፈ በር አለ፣
ድስቱን በሁለት እጇ የያዘች ሴት ቆማለች።
«ምን አለች?» አለችኝ ሪሃም።
ተረጎምኩ። በዚህ ጊዜ ምንም አልቀነስኩም።
ከዚያ በኋላ የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚሰማው።

«አንድ ዙር ይቀረናል» አለች ዶክተሯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከዚያ ማንም አያውቀውም፣ ቀርቦ ቢያይም እንኳ።»
ጦይባ ራሷን ነቀነቀች።
«ንገሪያት፣ ሁሉን አታጥፋው። ስሙኒ የምታህል ትተውልኝ፣
እዚህ ጋ፣ ከጆሮዬ ሥር።
አፌ ዋሽቷል፤ ቆዳዬም እንዳይደግመው።»

ስሙኒ! ይህን በየትኛው ዓረብኛ እላለሁ?
«ፊልስ» አልኩ።
«ባለ ሃምሳው ነው ወይስ ባለ መቶው?» አለች ሪሃም፣
ከምሯ ነው፣ እስክሪብቶ አንሥታለች።
ጦይባ ቦርሳዋን በረበረች፤ ከስልክ ካርድ፣ ከማስቲካ፣
ከታጠፈ የሐዋላ ደረሰኝ ሥር
ዛሬ አገሯ እንኳ ምንም የማትገዛ
የምር ስሙኒ አወጣች፣ አንበሳው የደበዘዘ፣
አንገቷ ላይ ለጠፈቻት።

ዶክተሯ ዙሪያዋን በሰማያዊ አሰመረች።
«ትቀዘቅዛለች» አለች ጦይባ፣ ትንሽም ሳቀች።
ውጭ ጦዙ እንዳለ ነው።
ቱቦዬን አነሣሁ፣
ከክቧ ትንሽ አራቅሁት።