ሙላትና ጉድለት

ክላክስቪክ ወደብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ፤
ዝናቡ በመስኮት አግድም ሲነጉድ፣
አሮጌው ኮምፒውተር ሌሊቱን ታድሶ
ነቃ፣ አዲስ ከርነል እንደ ካባ ለብሶ።
ሁሉም አለ፦ ካርታው፣ ኢሜይሉ፣ ማተሚያው፤
የጠፋው ያንተ ነው፣ የሙላት መለኪያው፣
ሃኑስ።

"ጫንልኝ" ስል ቆምሁ ከግምጃ ቤቱ ደጅ ቀርቤ፣
በሱዶ፣ በይለፍ ቃል፣ ስሙን በፊደል አንብቤ፤
"እንዲህ ያለ ጥቅል የለም" አለኝ፣ "በመዝገቤ።"
ምክንያቱን ስፈልግ፣ ታች፣ በአንዲት ቀጭን መስመር
"ጠባቂው ስለሌለ ወጥቷል" ይል ነበር።
የሙት ልጅ ይሉታል፤ የሙያው ቃል ነው፣ የእኔ አይደለም።
ቀብርህ ላይ ቆሜያለሁ ባለፈው የካቲት፤
ስለ በጎችህ ተወራ፣ ስለ ጀልባህ፣ ስለ ቤት፤
ይህን ልጅ ማን ያሳድግ ያለ አልነበረም በዚያ ዕለት።
እኔም አላልሁም።

ኤይዩን ደጅ ቆሞ ቡትስ ጫማውን ያራግፋል፤
"ውሃው መቼ ይገለበጣል?" ይላል።
"ቆይ" አልሁት። ቆየ። ሞተሩ ግን ያጉረመርማል።

ባይኒር በስልክ መከረኝ፦ "ፍላትፓክ ነው መላው፣
ማንንም አይለምንም፣ ቤቱን ይዞ ነው የሚመጣው።"
ጠራሁት። መጣ፣ ለአንዲት ማንኪያ ሥራ ጊጋ ሙሉ ጓዝ ጭኖ፣
በራሱ አጥር ውስጥ ተቀመጠ፣ ለቤቱ እንግዳ ሆኖ፤
የወደቡን ፋይል ሳሳየው "ፈቃድ የለኝም" አለ ኮስተር ብሎ፣
የራሱን ሰንጠረዥ ዘረጋ፣ የካቻምና ውሃ አዝሎ።
ስናፕም አለ ይሉኛል፣ ባሻው ሰዓት የሚታደስ፤
አልነካሁትም፤ እንዴት ይሆናል፣ ጀልባ ከባሕር ሳይመለስ?

የቀረው ምንጩ ነው። ምንጭ ሲሉት ጥሩ ነው ለጆሮ፤
ሲወርዱበት ግን ድንጋይ ነው፣ እሾህ ነው ዞሮ ዞሮ።
ጥቅልህን ፈታሁ፤ "ሜክ" ብዬ አዘዝሁት፤ ጀመረ ጥሪ፣
ጥገኛው ጥገኛ ጠራ፣ ያም ሌላ፣ እንደ ዕዳ ቆጣሪ፤
ከዚያ ቆመ። ስህተት፣ መስመር አራት መቶ ስድስት።
አንድ ላይብረሪ ስሙን ቀይሯል፣ አንተ ሳትሰማ፣ አፈር ሥር ሳለህ።
ከመስመሩ በላይ ግን፣ ማሽኑ በሚዘልለው ቦታ፣
ለሰው ብቻ በተተወው፣
እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፦

"ከካልሶይ በስተምዕራብ፣ ነፋሱ የሰሜን ሲሆን፣
አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።
አባቴ ነው የነገረኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ሞክሬው ግን አልዋሸኝም።"

ስሙን አስተካከልሁ። አንድ ፊደል። ሮጠ።
በመስኮት ጮኽሁ፦ "ኤይዩን! ነፋሱ ከወዴት ነው?"
"ከሰሜን!"
"እንግዲያው አሥራ ሁለት ከሠላሳ ሁለት!"
ሳያመሰግን ሄደ።

አሁን ባዶ ቅጽ ፊቴ ነው፤ "ጠባቂ፦" ይላል፣
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል።
ስምህን አልሰረዝሁም።
ከሥሩ፣ ቀስ ብዬ፣ "ራንቫ" አልሁ፤
ከእትሙ ቁጥር የመጨረሻዋን አንዲቱን ብቻ
ከፍ አደረግሁ።