ወቀራ

በሳሬማ ደሴት፣ ከባልቲክ ባሕር ዳር፣
ነፋስ የሚያዞረው አንድ ወፍጮ ነበር።
ጌታው ሽማግሌ፣ ኡኩ ነው ስማቸው፣
የብረት ፍንጣሪ የሞላው እጃቸው፤
ድንጋይ ሲወቅሩ ከመሮው ተፈናጥሮ
ቆዳቸው ውስጥ ገብቶ የቀረ ተቀብሮ።

እኔ በሃያ ዓመቴ፣ ገና ለማጅ ሳለሁ፣
በጥቅምት ዐውሎ ሌት የክንፉን ልጓም ሳላጠብቅ ተኛሁ።
ክንፉ ከነፈና ድንጋይ ከድንጋይ ተፋጨ፣
እህል ያጣ ወፍጮ የራሱን እሳት ረጨ፤
የሌይዳ ገብስ ጋየ፣ ስምንት ጆንያ ሙሉ፣
የባልቴቷ ቀለብ፣ የክረምቱ ሁሉ።

ኡኩ አልጮሁብኝም። በማግስቱ ማታ
መሮና መዶሻ ሰጡኝ በዝምታ።
ልክ ነበሩ ያኔ፤ ድንጋይ ካልወቀሩት
ገብሱን ያሻሻል እንጂ አያወጣም ዱቄት።
ሰውም እንደዚያው ነው፤ ራሱን ካልነካ
ይኖራል ለስልሶ፣ በልስላሴው ሲመካ።
ድንጋዩን ወቀርኩ። ራሴን ወቀስኩ። በየምቱ መሐል
«ታቪ፣ እንዴት ትተኛ?» ይለኛል አንድ ቃል።
ከዚያ ወዲህ ነፋስ ሊነሳ ሲዳዳ
ጆሮዬ ይነቃል እንደ ድንጉጥ እንግዳ።

እዚያ ባበቃ ኖሮ።

መንደሩ አዋጣና ሌይዳ ገብስ አገኘች፣
ስታገኘኝ መንገድ ላይ ሰላምታም ሰጠች፤
ይቅርታቸው ለእኔ አልዋጥልህ አለኝ፣
ከድንጋዩ በቀር ወዳጅም አልነበረኝ።
ስለቱ ሳይደነዝዝ፣ ኩራዝ እየለኮስኩ፣
የተወቀረውን ወር ሙሉ ወቀርኩ።
ይባስ ብሎ ኮራሁ! በልቤ፣ በስውር፣
«እንደ እኔ ራሱን ማን ይወቅሳል?» ስል ነበር።
ጥፋቴን ወለወልኩ እንደ ብር ማንኪያ፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር ለማሳያ።

አንድ እሑድ ሌይዳ መጣች፣ ዳቦ በመሐረብ ጠቅልላ።
ፊቴ ቆማ ቆረሰች፣ አኘከች፣
ቀጭ አለ።
የድንጋይ ደቃቅና የጥርሷን ስባሪ
መዳፌ ላይ ተፋች።

«ያቃጠልከው ገብስ አልፏል፣ ረስቼዋለሁ፤
ይኸኛውን ግን ይኸው፣ ዛሬም አኝካለሁ።
የገዛ ጸጸትህን፣ አንተ ልጅ፣ ልጠይቅህ፣
ምን በወጣኝና እኔ ላኝክልህ?»

ኡኩ ጥግ ተቀምጠው ጫማ ይሰፉ ነበር።
ቀና እንኳ ሳይሉ፦
«ከወቀራ ማግስት የሚወጣው ዱቄት
ለአሳማ ነው፣ ልጄ፤ አሸዋ አለበት።
ለሰው የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።
አንተ ግን በየሌቱ አዲስ ስትወቅረው
ይኸው ወሩን ሙሉ አሳማ አረግኸን።»

መሮውን ከእጄ ማንም አልነጠቀኝ።
ራሴ ሰቀልኩት።
በማግስቱ ፉርሽካ ፈጨሁ፣ ድንጋዩ እስኪጠራ፣
ከዚያ ንጹሕ ገብስ።
የመጀመሪያውን ቁና ሌይዳ ደጃፍ አኖርኩ፤
በሩን አላንኳኳሁም።
የጥርሷን ስባሪ ስንት ዓመት በኪሴ እንደያዝኩ
አላውቅም። አንድ ቀን ፈልጌ አጣሁት።

አሁን ኡኩ የሉም። የብረት ፍንጣሪ
የእኔንም እጅ ሞልቶታል፤ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል።
መቼ እንደሚወቀር፣ መቼ እንደሚተው አውቃለሁ ብል
ውሸት ነው፤ ግማሹን ጊዜ እስታለሁ።
ዛሬ ማታ ጣቴን በድንጋዩ ፊት አሳለፍኩ፤
ገና ስለታም ነው።
መሮው ከግድግዳው ጠራኝ።
ተወኝ አልኩት፣ መብራቱን አጠፋሁ።

ነፋሱ ሲነሳ ግን ወርጄ
ልጓሙን አየሁት።
ሁለት ጊዜ።