ቃና፦ ደስታ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ከብዷል፣
ክፍሉ ከቆርቆሮው በታች ያንጎላጃል፤
ለስድስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ደርሷል፣
ጀርባው በፕላስተር ተጠግኖ ይዟል።

ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣
የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ግጥም ሳስተምር።
ሰሌዳውን ሁሌ ለሁለት እከፍላለሁ፤
ግራው «ዝርው»፣ ቀኙ «ግጥም» ነው እላለሁ፦

«ዝርው መንገደኛ ነው፤ ሐይቁን ዞሮ የሚሄድ፣
በወረታ አድርጎ፣ በአዲስ ዘመን መንገድ፣
አቧራውን ቅሞ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አድሮ፣
ጎርጎራ የሚደርስ ሁሉንም ዘርዝሮ።
ግጥም ግን ታንኳ ነው፤ ሚስማር የሌለበት፣
ደንገል ከደንገል ጋር በልጥ የታሰረበት፣
ውኃ እያስገባ ውኃ ላይ የሚቆም፣
ማታ ካላሰጡት ለነገ የማይጠቅም።»

ይህን ስል ይጽፋሉ። ደስ ይለኛል ሲጽፉ።
ታላላቆቻቸውም ይህንኑ ነው የጻፉ።

የዕለቱ ግጥም አጭር ነው፤ ስምንት ስንኝ ቢሆን፤
አንድ የሩቅ አገር ሰው፣ ሊያሳልፍ ዕረፍቱን፣
ከሐይቅ ዳር ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
ወይን ጠጅ አበባ ውኃው ላይ ተኝቶ
ያያል፤ ይደነቃል።

«ቃናው ምንድን ነው?» ስል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እኔ፣
«ደስታ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጻፍሁት በጠመኔ፤
ሁለቴ አሰመርሁ። ከጥግ እጅ ወጣ፤ ትሁኔ ጫኔ።
ከደምቢያ የመጣች፣ ሽምብጥ አክስቷ ቤት
የምትኖር ልጅ ናት፤ ዝም በማለት የማውቃት።

«ቲቸር፣ ሰውየው እኮ መረብ የለውም» አለች።
ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልተቀመጠች።

«መረብም ጀልባም የለው፤ ለማየት ነው የመጣ።
እኛ ዘንድ ያ አበባ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
እምቦጭ ነው የሚባል። ያምራል፣ አልዋሽም፤
ፎቶ የሚያነሣው ሰው እጁን አያርስም።
አባቴ ጎህ ሳይቀድ መረቡን ሲስበው
ከበደው፤ ዓሣ መስሎት፣ እሱንም ደስ አለው።
ሥር ነበር፤ እንደ ጠጉር የተቋጨ፣ ጥቁር ሥር፤
እስከ ቀትር ድረስ ሊፈታው ሲቸገር
ቆየና፣ በቢላ መረቡን በጠሰ።
ታንኳው ደጅ ቆሞ ደርቆ ፈራረሰ።
ያን ዓመት ነው እኔን ለአክስቴ የሰጠኝ።
ደስታ ብዬ ልጻፍ? እስኪ እርስዎ ያስረዱኝ።»

ማንም አልሳቀ አሁን። ደወሉም አልረዳኝ።
መልሱን ግን አውቀዋለሁ፤ ዘመን ነው ያስጠናኝ፦
«ገጣሚው ሌላ ነው፣ አንባቢው ሌላ ነው፤
ፈተና የሚጠይቅሽ የገጣሚውን ነው»
አልኋት። ስህተት የለውም።
«እሺ» ብላ ቁጭ አለች። ከዚያም ደብተሯ ላይ
«ደስታ» ብላ ጻፈች፤ ቆሜ አየሁ ከላይ።

በሰኔ ፈተና፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት፣
ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት ተደርድረውበት፣
ደስታን ከበበችው። በእርሳስ፣ ደግሞ፣ ከጎኑ
ተጽፏል አንዲት ቃል፤ የጉንዳን ነው መጠኑ፦

«ለሱ።»

ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሌላ ምን እሰጣለሁ?
ማታ፣ ወረቀቱን ይዤ፣ ሐይቁ ዳር ወርጃለሁ።
ከጊዮርጊስ በታች አንድ ሰው ታንኳውን አወጣና፣
በትከሻው ይዞ፣ ግንቡን ተጠጋና፣
አቁሞ አሰጣው። ውኃው በጀርባው ወረደ፤
ሸሚዙ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ተዋሐደ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ታንኳ ነው ስል ግጥሙ
አንድ ቀን አልያዝሁም፤ ምን ያህል ነው ሸክሙ?
ልጠይቀው ብዬ ቀረብሁ። ቀና አለ።
እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።