ማሳ

በጥቅምት ሦስት አምፖል፣ በኅዳር አራተኛ፤
የግራው ሲቃጠል፣ የቀኙ ሲተኛ።
ከፌራራ ወዲህ ጉም እንደተዘረጋ፣
ስንቅነሽ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣
ነጩን መስመር እያየች፣ «ቀጥ በል… ወደ ግራ…
ቦዩ! ቦዩ!» ብላ ስሜን ስትጠራ፣
እንዲህ ነው የገባን ከሌሊት ፈረቃ፤
የሷ ፀጉር ርሶ፣ የኔ ነፍስ ተሳቅቃ።

«የጣት ቅባት» አሉኝ፤ ጓንት አጠለቅሁ፤
መስታወቱን ሁሉ ባልኮል ወለወልሁ።
«ውሃ ገብቶ» አሉኝ፤ ጎማውን ቀየርሁ፤
አራት ቀን በራልኝ። ባምስተኛው ጨለምሁ።
«ርካሽ ነው» ተባለ፤ ውዱን ገዛሁ ደግሞ፤
ውዱም ሄደ፣ ያውም ከርካሹ ቀድሞ።

ኔሪዮ ግን አምፖሉን ዘወር ብሎም አላየ፤
ሞተር አስነሥቶ ባትሪው ላይ ቆየ።
«ዐሥራ ስድስት ቮልት!» አለ፤ «ምን ይችለዋል?
በረሃብ መሰለህ? በቁንጣን ሞቷል።»
ከዚያ ከሥር ገብቶ፣ ጀርባው ጭቃ ነክቶ፣
በጣቱ አሳየኝ፣ ዝገት ሽቦ በልቶ።
«ማሳ!» አለኝ፣ «ማሳው!»

ቀና አልኩ ወደ ማዶ፤
የበቆሎው ማሳ ጉም ለብሷል፣ ባዶ።
«ልክ ነህ» አልሁት፤ «ከዚያ ነው የሚነሣ፤
ያስቸገረን እሱ፣ ያ ክፉ ማሳ።»
ኔሪዮ ግራ ገባው። ለሱ ማሳ ሽቦ ነው፤
ባትሪውን ከሻንሲው አጥብቆ የሚያስረው።

በብሩሽ ፈገፈገ፣ ብሎኑን አጠበቀ፤
ዐሥራ አራት ላይ ረጋ፤ ነገሩ አለቀ።

ሁለቱም በሩልን። ስንቅነሽ መስኮቱን
ዘጋችና ተኛች፣ ጥላ ጭንቀቱን።
መንገዱ ወለል ሲል ዝምታው ከበደኝ፤
ጉሙ ማሳው ላይ አለ፤ «ቦዩ!» ነው የጎደለኝ።