ደመና ላይ የዋለ ዱቤ

ከኮምቦልቻ ስነሣ ፀሐይ ነበር፤ ሐረጎን ስወጣ
ጉም ሚኒባሱን ዋጠው፤ ረዳቱ ተቆጣ፦
«መስታወት ዝጉ አቦ!»
እኔ ጭኔ ላይ ነው፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ መዝገቤን የያዝኩት፤
ቆርቆሮና ሚስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም በዱቤ የሰጠሁት
ሁለተኛው መዝገብ።
የመጀመሪያው የለም። ስለሱ ኋላ ነው።

ደሴ፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ደጃፉ ላይ ባነር፤
«ንግድና ቴክኖሎጂ»፤ ከሥሩ ስፖንሰር፣ ስፖንሰር፣ ስፖንሰር።
ባጅ አጠለቁልኝ፦ «አቶ እንድሪስ ካሳው»፤
አባቴ ካሳዬ ነው፤ መጨረሻ ፊደሉን ማን በላው?
እርማት አልጠየቅሁም። ብስኩትና ውሃ፣ እስክሪብቶም ሰጥተውኝ
ከአንዲት የማር ነጋዴ፣ ከወግዲ ከመጣች፣ ጎን አስቀመጡኝ።

ሱፍ የለበሱቱ ተራ በተራ ወጥተው ብዙ ነገር አሉ፤
«ዲጂታል ሽግግር»፣ «የእሴት ሰንሰለት»… እኔ ግን በመሃሉ
አንኮራፍቼ ኖሯል፤
የማሯ ሴትዮ ናት በክርኗ የነካችኝ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ራቢያ የምትባል ቀጭን ልጅ ተነሣች፤
ስላይድ አላበዛች፤ «ስልካችሁን አውጡ» ነው በቀጥታ ያለች።
«ይኼ ረድፍ ነው፤ ይኼ ደግሞ ዐምድ፤
ስም፣ ዕቃ፣ ብር፣ ቀን፤ ድምሩ ይመጣል፣ በራሱ መንገድ።
ሁሉም የሚቀመጠው ደመና ላይ ነው» አለች፤
አዳራሹ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።
ለደሴ ሰው ደመና ምን ይነገረዋል? ከጦሳ ላይ ወርዶ
የደረቀ ልብስ ያርሳል፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ከቤተኛ ለምዶ።
ደሞም እኛ ወሎዎች ደመና አናምንም፤
ስንቴ ጠቁሮ ሄዷል፣ ጠብ ሳይል ምንም።

«መዝገባችሁ» አለች፣ «ቢቃጠልስ? ቢጠፋ? ቢሰረቅ?»
ያኔ ነው የቆመ ያ ሁሉ ሳቅ።
ያን ዓመት የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ የለም፤
የተሰበረ ቁልፍ፣ ባዶ መደርደሪያ፣ መሬት የፈሰሰ ቀለም።
የኔን የወሰደው ማን እንደሁ አላውቅም፤ ቆርቆሮውስ ይሁን፤
መዝገብ ምን ያደርጋል? ሻይ አፍልቶበት ይሆን?

ስመለስ፣ ከደጄ፣ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፦
«እንድሪስ፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር፣ አንድ ማጠፊያ አለብኝ።»
ሌላው፦ «አራት መቶ።» ሌላው፦ «የሲሚንቶ አለብኝ፤ አሁን ግን የለኝም፤
ጻፈው።» በምን ልጻፍ? እስክሪብቶም የለኝም።
በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ጻፍኩት፤
ሁለተኛው መዝገብ ከዚያ ነው የመጣው፤ በሰው አፍ ሞላሁት።

ራቢያ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ጣቴን እየመራች፣
ስም በስም አስገባን። መጨረሻው ዐምድ ላይ ትንሽ ቀስት አበጀች፤
ሲነኩት ይከፈታል፤ ሁለት ቃል አለው፦ «ተከፍሏል»፣ «ቀሪ»።
ቀላል ነው፤ አንዱን መንካት ነው፤ አያሻም መካሪ።

አርባ አንደኛው ረድፍ፦ ገበየሁ አሊ፤ ስድስት ቆርቆሮ።
ቤቱን ከድኖ ሞተ፤ ልጆቹ ከሥሩ ናቸው እስከ ዘንድሮ።
«ቀሪ» ልል፣ ከማን? «ተከፍሏል» ልል፣ ውሸት፤
ጣቴ ተንጠልጥሎ ቆየ ለቅጽበት።
ፊደል በፊደል ፈልጌ ጻፍኩ፦ «አፉ»።
«የማይፈቀድ ቃል» አለኝ፤ ደም መሰለ ጫፉ።
ደግሜ ጻፍኩት። ደግሞ ቀላ።
«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

ልጅቱ ሸዋ በር ያደገች ናት፤ ቃሏን ታውቃታለች፤
አላስረዳኋትም። ቅንብሩ ውስጥ ገባች፤
ከ«ቀሪ» ቀጥሎ ሦስተኛ መስመር ጨመረች።
አፉ። ቀዩ ጠፋ።
ድምሩም፣ ማንም ሳይነካው፣ ከታች በኩል ቀነሰ።
የማሯ ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ስታይ ቆይታ
«እስቲ ለኔም ጨምሪው» አለች፣ ስልኳን ዘርግታ።

ሐረጎን ስወርድ ጉሙ እዚያው ነበረ፤
ኔትወርክ ጠፋ፣ መጣ፤ ስልኬ ላይ ትንሽ ክብ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፣
ቆመ።
«ተቀምጧል» አለኝ።
መዝገቡን ግን አልጣልኩም።
ጭኔ ላይ ነው።